ደጅ ያስቆመችኝ ሴት

(በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት በረንዳ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ፤ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪው ኢዮስያስ የተሞሉ መጠይቆቹን የያዘ ቦርሳውን ታቅፎ ቆሟል፤ ሰሞኑን ቤት ለቤት እየመራ ያዞረው የቀበሌው ሰው ስንሻው አግዳሚው ላይ ተቀምጧል።)

ኢዮስያስ፦ አላሳይም አልኩ፣ ጋሽ ስንሻው። ስንት ጊዜ ልናገር?

ስንሻው፦ ስጠኝ መቼ አልኩህ። አንዲት ወረቀት አሳየኝ ነው ያልኩት። የማንጠግቦሽን ብቻ።

ኢዮስያስ፦ ማሳየትም መስጠት ነው።

ስንሻው፦ እናንተ ዘንድ ይሆናል። እኛ ዘንድ ልጅን ማሳየትና ልጅን መዳር ይለያያል።

ኢዮስያስ፦ እርስዎ ይቀልዱ። እኔ አውቶቡስ ሊያመልጠኝ ነው። ከእርስዎ የምፈልገው እዚህ ደብዳቤ ላይ አንድ ማኅተም ነው፤ ሥራዬን በሰላም ጨርሼ መውጣቴን የሚያረጋግጥ። ያለ እሱ ዩኒቨርሲቲው ጥናቴን አይቀበለኝም።

ስንሻው፦ ማኅተሙ ኪሴ ውስጥ ነው። አውቶቡሱም አያመልጥህም፤ ሹፌሩ አማቼ ነው፣ እኔ ሂድ ሳልለው ሞተር አያስነሳም። ቁጭ በል።

ኢዮስያስ፦ መቆም ይሻለኛል።

ስንሻው፦ የቆመ ሰው ቶሎ ይናደዳል። እስቲ ደብዳቤውን አንብብልኝ።

ኢዮስያስ፦ የመጣሁ ዕለት አንብበውት የለም?

ስንሻው፦ ካንተ አፍ ልስማው ብዬ ነው። የተማረ ሰው ሲያነብ ደስ ይለኛል።

ኢዮስያስ፦ «ተማሪ ኢዮስያስ አሰግድ ስለ ሥነ ምግባርና ስለ ፖለቲካ አመለካከት ለሚያካሂደው ጥናት መጠይቅ የሚያስሞላ ስለሆነ አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግለት እንጠይቃለን። የተሳታፊዎች መልስ በምስጢር ይጠበቃል።» ሰሙ? በምስጢር ይጠበቃል።

ስንሻው፦ «አስፈላጊው ትብብር» የምትለዋንም ሰማሁ። ትብብር እኮ በሁለት እጅ ነው። እኔ ውሻ እያባረርኩ፣ ጭቃ እያሻገርኩ ይዤህ ዞርኩ። ያለ እኔ ማን በር ይከፍትልህ ነበር?

ኢዮስያስ፦ ያለ እርስዎማ ሰው የልቡን ይነግረኝ ነበር።

ስንሻው፦ እኔ የማንን አፍ ያዝኩ?

ኢዮስያስ፦ መያዝ አያስፈልግዎትም፤ መቀመጥዎ ይበቃል። በየቤቱ ደጃፍ «መሪዬ ውጭ ይቆዩልኝ» ብዬ ለምኛለሁ። ሰምተዋል።

ስንሻው፦ ባለቤቶቹስ ምን አሉህ?

ኢዮስያስ፦ «ሰው ደጅ አቁመን እኛ ቤት ውስጥ ልናወራ? ነውር ነው» አሉኝ።

ስንሻው፦ ነውር ነው። ያደግንበት ነው፣ ምን ይደረግ። አብሬህ ገባሁ፣ አጠገብህ ተቀመጥኩ፣ ካንድ ትሪ በላን። ጥፋቴ የቱ ላይ ነው?

ኢዮስያስ፦ ጥፋቱ የእኔ ነው። «እንግዲያውስ እኔም አልገባም» ብዬ መመለስ ነበረብኝ። ግን የራበው ተማሪ ነኝ፤ የሽሮው ሽታ ከመርሕ ቀድሞ ደረሰብኝ።

ስንሻው፦ አየህ፣ ስትቀልድ ሰው ትመስላለህ። እንግዲህ ስማኝ። ይኼ ሁሉ ሰው ነውር በሚያውቅበት ከተማ አንዲት ሴት ብቻ ደጅ አስቆመችኝ። «አንተ እዚያ ቁም፤ የተጠየቅኩት እኔ ነኝ» ብላ በሩን በፊቴ ላይ ገጠመችው። እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ ተሰጣሁ። አላፊ አግዳሚው «ስንሻው፣ ምነው ደጅ ወጣህ?» ይለኛል። ምን ልበለው?

ኢዮስያስ፦ «መብቷ ነው» ይበሉት።

ስንሻው፦ መብቷ ነው። ማንጠግቦሽ እንኳን እኔን፣ የጤና ጣቢያውን ሐኪም ደጅ የምታስቆም አዋላጅ ነበረች፣ ጡረታ ሳትወጣ። የእኔን ሁለት ልጆች የተቀበለች እሷ ናት። ቂም የለኝም።

ኢዮስያስ፦ ቂም ከሌለዎት ወረቀታቸው ምን ያደርግልዎታል?

ስንሻው፦ የሌላውን ሁሉ ሰምቼ የእሷ ቢቀርብኝ፣ ድግስ ጠርተውኝ ጠላው ጋ ስደርስ እንደ ማስነሣት ነው። ደግሞ ሁሉንም አልሰማሁም። የአቶ አጥናፉ ቤት ስልክ ተደውሎልኝ ወጥቼ የለ? ያቺን አሥራ ዘጠነኛዋን ጥያቄ ምን ብሎ መለሰ?

ኢዮስያስ፦ ኧረ እሳቸው ላይ ደግሞ ነገር እንዳያበጁ። እንደ ሁሉም ሰው ነው የመለሱት፤ ምንም የተለየ አላሉም።

ስንሻው፦ «ለሚመለከተው አካል አሳውቃለሁ» ነው ያለ?

ኢዮስያስ፦ አዎ።

ስንሻው፦ ጨዋ ሰው ነው። ጥያቄዋ እንዴት ነበር የምትለው? አንተ አሳምረህ ነው የምትላት።

ኢዮስያስ፦ «ሕግ የሚፈልገው የቅርብ ዘመድዎ መጥቶ በርዎን ቢያንኳኳ ምን ያደርጋሉ? አሳውቃለሁ፤ እንዲሄድ እነግረዋለሁ፤ አስጠጋዋለሁ።» የሥነ ምግባር ጥያቄ ናት። በሕግና በዝምድና መካከል ሰው ሲቸገር ወዴት እንደሚያደላ ለማየት ነው። በእውን የሆነ ነገር አይደለም።

ስንሻው፦ በእውን የሆነ ነገር አይደለም።

ኢዮስያስ፦ አይደለም። ከዚህ በፊት በሌላ ቦታ ተማሪዎችም ተጠይቀውባታል።

ስንሻው፦ ላም ባልዋለበት ኩበት የምትለቅም መስሎህ ነዋ የመጣኸው። ላሟ እዚህ ነው የዋለችው፣ ልጄ።

ኢዮስያስ፦ ምን ማለት ነው?

ስንሻው፦ ከጤና ጣቢያው ጀርባ ያለውን ሜዳ አይተኸዋል?

ኢዮስያስ፦ ከብት የሚግጥበትን?

ስንሻው፦ ይግጥበት የነበረውን። የወል ግጦሽ ነበር። ከበላይ «ለልማት ተፈልጓል» ተባለና ተለካ፤ ዙሪያውን ችካል ተተከለ። በነጋታው ችካሉ በሙሉ ተነቅሎ፣ ተሰባብሮ፣ እዚሁ አሁን የቆምክበት በረንዳ ላይ ተከምሮ ተገኘ። የነቀሉት ልጆች ሦስት ናቸው። ሁለቱ ተይዘዋል። ሦስተኛው አስቻለ ይባላል። ከከተማው ሳይወጣ ተሰወረ። መንገዱ ሁሉ ተጠብቋል፤ ወጣ ያለ የለም።

ኢዮስያስ፦ ይኼ ከእኔ ጋር ምን አገናኘው?

ስንሻው፦ አስቻለ የማንጠግቦሽ የእህቷ ልጅ ነው።

ኢዮስያስ፦ ይኼን… ስመጣ ለምን አልነገራችሁኝም?

ስንሻው፦ አንተስ መቼ ጠየቅኸን? «የከተማው ሕዝብ ብዛት፣ የትምህርት ደረጃ፣ ሃይማኖት» አልክ፤ ነገርንህ። «እዚህ ከተማ የሚፈለግ ሰው አለ ወይ» የሚል ጥያቄ ወረቀትህ ላይ የለም።

ኢዮስያስ፦ አውቀው ነው ይዘውኝ የዞሩት።

ስንሻው፦ እኔ ምን አውቃለሁ? አሥረኛ ክፍል ያልጨረስኩ ሰው። ከወረዳ «ተማሪ መጥቷል፣ ተባበሩት» አሉኝ፤ ተባበርኩ። ጥያቄህን ስሰማ ግን፣ እውነት ለመናገር፣ እግዜር የላከህ መሰለኝ። እኛ እንዲህ ብለን ብንጠይቅ ሰው ሁሉ ይሸሸናል። አንተ ስትጠይቅ ግን ትሪ ይቀርብልሃል።

ኢዮስያስ፦ እኔ የማንም ጆሮ አይደለሁም።

ስንሻው፦ አይደለህም። ለዚህ ነው በጨዋ ደንብ የምጠይቅህ። አንዲት ወረቀት።

ኢዮስያስ፦ አይሆንም። መሐላ አለብኝ።

ስንሻው፦ የምን መሐላ?

ኢዮስያስ፦ እትዬ ማንጠግቦሽ መልሳቸውን ሳይጀምሩ በእናቴ አስምለውኛል። «ለማንም አልናገርም፣ ለማንም አላሳይም በል» አሉኝ። ማልኩ።

ስንሻው፦ አጥናፉ አስምሎሃል?

ኢዮስያስ፦ አላስማሉኝም።

ስንሻው፦ ሌላስ ያስማለህ አለ?

ኢዮስያስ፦ የለም።

ስንሻው፦ የሚደበቅ ነገር የሌለው ሰው በሰው እናት ምን ያስምለዋል?

ኢዮስያስ፦ ይኼውልዎ፣ የእናንተ ሕግ። ዝም ያለ ተጠርጣሪ፣ ያስማለ ተጠርጣሪ፣ በሩን የዘጋ ተጠርጣሪ። በር እኮ የተሠራው ለመዘጋት ነው። ክፍት እንዲሆን ቢፈለግ ኖሮ ግድግዳው ላይ ቀዳዳ ይበቃ ነበር።

ስንሻው፦ አፍህ ስለት አለው። አባትህ ጠበቃ ነው?

ኢዮስያስ፦ መምህር ነው።

ስንሻው፦ እንግዲያውስ ልጠይቅህ፣ የመምህር ልጅ። የአጥናፉንስ? ደብዳቤው «በምስጢር ይጠበቃል» ሲል አጥናፉን ለይቶ አላወጣውም። ቅድም ስጠይቅህ ወዲያው ነገርከኝ።

ኢዮስያስ፦ …እሱ ስህተት ነበር። ሰውዬው እንዳይጠረጠሩ ብዬ ነው።

ስንሻው፦ አጥናፉ እንዳይጠረጠር ተናገርክ። ማንጠግቦሽስ እንዳትጠረጠር ምነው አንዲት ቃል ነፈግካት? «እሷም እንደ ሁሉም ነው የመለሰች» በለኝና ልሂድ። ማኅተሙን እመታልሃለሁ፤ አማቼም ሞተሩን ያስነሳል።

ኢዮስያስ፦ አልልም። «አዎ» ብል ዛሬ፣ ነገ ስለ ሌላው ይጠይቁኛል። ስለ መልሳቸው ምንም አልናገርም። መልካምም ቢሆን ክፉም ቢሆን።

ስንሻው፦ እሺ። ተወው። ተሸነፍኩ።

ኢዮስያስ፦ ማኅተሙን ይምቱልኛ።

ስንሻው፦ እመታለሁ። ቆይ እስቲ፣ ቀለሙ ደርቆ ይሆናል። ግን አንድ ነገር ሳልነግርህ ብትሄድ ያስጨንቀኛል፤ ምክር ነው።

ኢዮስያስ፦ ይንገሩኝ።

ስንሻው፦ ይኼን ጥናት ተወው። አያስመርቅህም።

ኢዮስያስ፦ ምን?

ስንሻው፦ ወረቀትህ ከንቱ ነው። ከፊትህ ሆኜ ስሰማ ውዬ ያለቀስኩልህ እኔ ነኝ። አባ መዝሙር ጥያቄውን ሳትጨርስ አይደል «እስማማለሁ» ያሉህ? ገና «መንግሥት» ከማለትህ። ያቺ ባለ ሱቋ ደግሞ ከእያንዳንዷ መልስ በፊት አንተን ትታ እኔን ነው የምታይ። ራሴን ነቀነቅኩ እንደሆን «በጣም እስማማለሁ»፤ ካሳለኝ «ሐሳብ የለኝም»። ይኼን ነው የምትጽፈው?

ኢዮስያስ፦ ያን ዐውቃለሁ። በጥናቱ ውስንነት ውስጥ እጠቅሰዋለሁ።

ስንሻው፦ ውስንነት ትለዋለህ? እኔ ውሸት እለዋለሁ። መምህሮችህ እንደኔ አሥረኛ ክፍል ላይ የቀሩ ካልሆኑ በስተቀር ይስቁብሃል። «የከተማው ሰው ሁሉ የገዛ ዘመዱን አሳልፎ ይሰጣል» ብለህ ልትጽፍ ነው? እኛን እንደዚህ ታደርገን? እኔ ራሴ አፍራለሁ።

ኢዮስያስ፦ ያፈሩት እርስዎ ነዎት?

ስንሻው፦ ለስምህ ነው። ቦርሳ ሙሉ ወረቀት ተሸክመህ ሄደህ፣ አንድ እውነት የለበትም። ወንዙ ውስጥ ብትጥለው ዓሣው እንኳ አያምነውም። ትምህርት ማለት ይኼ ከሆነ፣ እኔ አሥረኛ ክፍል ላይ መቅረቴ ደግ ሆነ።

ኢዮስያስ፦ ይስሙ። ትምህርትን አይስደቡ። ሕዝቡን አስፈራርታችሁ፣ አስፈራርታችሁ፣ ሁለት አፍ ያለው አደረጋችሁት፤ አንዱ ለእንግዳ፣ አንዱ ለጓዳ። ከዚያ ተመልሳችሁ «ሕዝቡ ይዋሻል» ትላላችሁ። አባ መዝሙር ዕድሜያቸውን ሙሉ «እስማማለሁ» ሲሉ የኖሩት ስለተስማሙ ነው? ስላላመኗችሁ ነው። «ሐሳብ የለኝም» ያለ ሁሉ ሐሳብ የሌለው መሰለዎት? ሐሳቡን ከእርስዎ ፊት ያሸሸ ነው። እኔ ደንቆሮ አይደለሁም፤ ቤት ለቤት ስዞር ያጠናሁት የሰውን ሥነ ምግባር እንዳልሆነ ዐውቃለሁ። የእርስዎን ፊት ነው ያጠናሁት። ይኼ ሁሉ ወረቀት የፊትዎ ፎቶ ኮፒ ነው።

ስንሻው፦ ይኸው፣ አንተው አመንክ። አንድ እውነት የለበትም።

ኢዮስያስ፦ አለበት።

ስንሻው፦ ለራስህ መጽናኛ ነው።

ኢዮስያስ፦ አለበት እላለሁ። አንድ። እርስዎ ያልተቀመጡበት ቤት። እሱ አንድ ወረቀት ከሌላው ክምር ሁሉ ይበልጣል። አንድ ሰው ዓይኔን አይቶ፣ ሳይፈራ፣ ሳያመቻምች የልቡን መለሰልኝ። እኔ የምመረቀው በእሱ ነው።

ስንሻው፦ በአንድ ወረቀት።

ኢዮስያስ፦ በአንድ።

ስንሻው፦ ሌላው ውሸት ነው፤ እሱ ብቻ እውነት።

ኢዮስያስ፦ ብቻ።

ስንሻው፦ አሥራ ዘጠነኛዋን ሁሉም «አሳውቃለሁ» ብሎ ነው የመለሰ። አጥናፉም ጭምር።

ኢዮስያስ፦ ስለፈሩ።

ስንሻው፦ እሷ ግን አልፈራችም።

ኢዮስያስ፦ እሳቸውማ… ቆይ፣ ቆይ።

ስንሻው፦ ምነው? እያማረልህ ነበር እኮ።

ኢዮስያስ፦ እንደዚያ አላልኩም።

ስንሻው፦ ምን አላልክም?

ኢዮስያስ፦ ስለ መልሳቸው አንድም ቃል አልተናገርኩም።

ስንሻው፦ አልተናገርክም። ምስክርህ እኔ ነኝ።

ኢዮስያስ፦ እሳቸውም «አሳውቃለሁ» ነው ያሉት። እንደ ሌላው። እውነቴን ነው።

ስንሻው፦ ቀለሙ አልደረቀም ለካ። እይ፣ እንዴት አምሮ እንደ ተመታ።

ኢዮስያስ፦ ጋሽ ስንሻው፣ ይስሙኛ። «አሳውቃለሁ» ብለዋል እያልኩዎ ነው።

ስንሻው፦ በእናትህ ማልልኝ።

ኢዮስያስ፦ እናቴን እዚህ ውስጥ አያስገቡ።

ስንሻው፦ አትማል። አንዴ የማልክባትን እናት ሁለቴ አታድክማት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ ደርሶብህ አያውቅም መሰለኝ። ገና ልጅ ነህ።

ኢዮስያስ፦ ሴትየዋ አሮጊት ናቸው። የመለሱት ሐሳብ ነው። ሐሳብ ቤት ውስጥ ሰው አለ ማለት አይደለም።

ስንሻው፦ እኔም ሰው አለ አልወጣኝም። ገብተን ካጣነው ይቅርታ ጠይቀን እንወጣለን። ነውር እናውቃለን።

ኢዮስያስ፦ መጀመሪያ እኔ ላናግራቸው። ቦርሳዬን እዚህ እተወዋለሁ። አንዴ ብቻ ደርሼ…

ስንሻው፦ በዚያ በኩል አትሂድ። መንገዱ ጭቃ ነው፤ የእኛ ጠባቂ ልጆችም ቆመውበታል። አውቶቡሱ በወዲያኛው በኩል ነው። ሃሎ፣ አማቼ? ልጁ መጣልህ፤ ከፊት ወንበር ስጠው፣ እስከ መጨረሻው እንዳይወርድብህ። አዎ፣ እንግዳችን ነው። እንካ ደብዳቤህን።

ኢዮስያስ፦ አልፈልገውም።

ስንሻው፦ ያዘው፣ ላብህ ነው። «ጥናቱን በሰላም ጨርሷል» ይላል።

ኢዮስያስ፦ እቀደዋለሁ። የእሳቸውን ወረቀት እዚሁ ዓይንዎ እያየ እቀደዋለሁ። ከዚያ ምን ይዘው ነው በራቸውን የሚያንኳኩ?

ስንሻው፦ ቅደደው፣ ልጄ። በየቤቱ ስንዞር በዓይንህ አይተሃል፤ እኔ ያለ መነጽር የገዛ ስሜን አላነብም። ወረቀት ላነብ ብመጣ ኖሮ፣ ዛሬ መነጽሬን ቤት ትቼ አልመጣም ነበር።